አምስት ሴንቲ ተኩል፦ ፔዳል ስቲል ጊታርን ለረጅም ሰው ማስተካከል

መስከረም 21

ሁለት ወር ሙሉ አምስተኛዋ ክር አላስቀምጥ አለችኝ። ቆሜ ቅኝት በሚለካው ቱነር ስቃኛት ቢ የምትባለው ድምፅ ላይ ልክ ትገባለች፤ ተቀምጬ መጫወት ስጀምር ግማሽ ድምፅ ልትወርድ ምንም አይቀራት። ክር ቀየርኩ። መቃኛውን ፈትቼ አጸዳሁ። የክረምቱ እርጥበት ነው ብዬ ጊታሩን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ያው ሆነ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና ልታፈላ ረከቦቱ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ እለማመዳለሁ። እሷ ከተቀመጠችበት ዓይኗ የሚያርፈው በቀጥታ ከጊታሩ ሥር ነው። ቡናውን እየቆላች «አንተ ልጅ፣ ያ ብረት ጭንህ ላይ ተጋድሞ አያምህም?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በግራ ጉልበት ወደ ላይ የሚገፋው ሊቨር፣ ከጊታሩ ሥር የተንጠለጠለው ብረት፣ ጭኔ ላይ ተኝቷል። የዚያ ሊቨር ሥራ አምስተኛዋን ክር ከቢ ወደ ቢ ፍላት፣ በግማሽ ድምፅ፣ ማውረድ ነው። ከተቀመጥኩበት ደቂቃ ጀምሮ እኔው ሳላውቀው እየገፋሁት ነበር። ክሯ ምንም አልሆነችም፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው፣ ጊታሩ ደግሞ ለኔ ቁመት አልተተከለም። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን ሁሉ ከነስህተቱ እዚህ እጽፋለሁ። እንደኔ ረጅም የሆነ ሰው ይህ መሣሪያ እጁ ቢገባ ከዜሮ እንዳይጀምር።

መሣሪያውን አይቶት ለማያውቅ፦ ጊታር ይባል እንጂ አይታቀፍም። እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ይቀመጣል። ግራ እጅ የተወለወለ ከባድ ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ ጣት ላይ በሚጠለቅ ፒክ ክሮቹን ይመታል። ግራ እግር ፔዳሎቹን ይረግጣል። ቀኝ እግር ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ቮልዩም ፔዳል ላይ ይውላል። ሁለቱ ጉልበቶች ደግሞ ከጊታሩ ሥር የተንጠለጠሉትን ሊቨሮች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይገፋሉ። እያንዳንዱ ፔዳልና ሊቨር የተወሰኑ ክሮችን ያነሳል ወይም ያወርዳል። ብረትን በክር ላይ ማንሸራተት የመጣው ከሃዋይ ነው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ፤ ፔዳሉ የተጨመረው በኋላ አሜሪካ ውስጥ ነው። እኛ ድምፁን የምናውቀው ከካንትሪ ዘፈን ነው፤ ከዘፋኙ ጀርባ ሆኖ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም ጁጁ የሚባለውን የአገሩን ሙዚቃ በሚጫወተው ባንዱ ውስጥ አስገብቶታል። የኔን አጎቴ ነው ከአሜሪካ ያመጣልኝ፤ ባለ አንድ አንገት፣ አሥር ክር፣ ሦስት ፔዳል፣ አራት የጉልበት ሊቨር።

እኔን የያዘኝ ግን ትዝታ ነው። ኢ9 የሚባለው ቅኝት ከአንደኛዋ እስከ አሥረኛዋ ክር እንዲህ ነው፦ ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ፣ ቢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ፣ ዲ፣ ቢ። ሁለተኛዋንና ዘጠነኛዋን ትቼ የቀሩትን ስምንቱን ስመለከት ያሉኝ ድምፆች ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕና ቢ ናቸው። ኤ የሚባለው ፔዳል አምስተኛዋንና አሥረኛዋን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ያነሳል። አምስቱ የሜጀር ትዝታ ድምፆች ሞሉ ማለት ነው፣ ብረቱን ካለበት ሳላንቀሳቅስ። ያውም ቢ ወደ ሲ ሻርፕ የምትሄደው ዘላ አይደለም፤ እግሬ እንደረገጠው ልክ እየተሳበች ነው፣ ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ይዞ እንደሚንሸራተተው። የመጀመሪያ ቀን ይህን ስሰማ ጊታሩን አጥፍቼ ጥቂት ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ግራ እግሬ እንዴት እንደሚቀመጥ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

መስከረም 24

ዛሬ መለካት ብቻ።

ከወለል እስከ ጊታሩ ሆድ 61.5 ሴንቲ። ወደ ላይ የሚገፋው ሊቨር ከሆዱ 3 ሴንቲ ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ከወለል 58.5 ላይ ነው ማለት ነው። ጫማዬን አድርጌ ቅልጥሜን ቀጥ አድርጌ ስቀመጥ የጉልበቴ አናት 62 ነው። 3.5 ሴንቲ እንጋጫለን። እስከዛሬ እንዴት ተጫወትኩ? ወንበሬን ወደ ኋላ እየገፋሁ፣ እግሬን አግድም ወደ ፊት እየዘረጋሁ ጉልበቴን ዝቅ አደርግ ነበር። ያኔ ክሮቹ ይርቁኛል፤ ክንዴን አርዝሜ እጎብጣለሁ። የወገቤ ሕመም መልስ አገኘ።

ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ 45 ሴንቲ። ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ይወጣል።

መስከረም 29

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ግን ያስተማረኝ ነገር አለ።

የሰፈራችን አናጺ አራት የዋንዛ ድጋፎች ሠራልኝ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ፣ የጊታሩ እግር እንዳይንሸራተት መሃላቸው ጎድጎድ ያለ። ከአራቱ እግሮች ሥር አስቀመጥኳቸው። ጊታሩ ከፍ አለ፣ ጉልበቴ ነጻ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ከተጫወትኩ በኋላ የግራ ቅልጥሜ ፊት ለፊት ያለው ጡንቻ መንደድ ጀመረ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አስቀድሜ አላሰብኩበትም እንጂ። ፔዳሎቹ የታሰሩበት ባር ሁለቱን የፊት እግሮች ያገናኛል። እግሮቹን ከሥር ከፍ ሳደርግ ባሩም አብሮ ከፍ ይላል። ተረከዜ ወለል ላይ ነው፣ ፔዳሉ ግን በ5 ሴንቲ ርቆታል፤ ቁርጭምጭሚቴ ሁልጊዜ ወደ ላይ ተቀልብሶ ይቆያል። ተረከዜ ሥር ጣውላ ላድርግ ብል ደግሞ ጉልበቴ በጣውላው ልክ ከፍ ይልና ሊቨሩን መልሶ ይነካዋል፤ ያተረፍኩትን እመልሳለሁ። የእግሮቹን ማርዘሚያ ከታች ስቦ ማስረዘምም ያው ነው፤ በኔ ጊታር ላይ ባሩ የተያዘው በወፍራሙ የላይኛው ቱቦ ላይ ስለሆነ ቀጭኑ የታችኛው ቱቦ ሲወጣ ባሩም አብሮ ይነሳል።

ስለዚህ ማስረዘም ያለብኝ ከወለል እስከ ጊታር ያለውን ርቀት ብቻ አይደለም፣ ከፔዳል እስከ ጊታር ያለውን ነው። ፔዳሉ ባለበት ይቀራል፣ ጊታሩ ብቻውን ይነሳል። ይህ ከሆነ ፔዳሉን ከጊታሩ ሆድ ጋር የሚያገናኙት ሦስት ዘንጎችም በዚያው ልክ ይረዝማሉ። ሥራው ከአንድ ወደ ሦስት አደገ፦ እግር፣ ዘንግ፣ ወንበር።

ጥቅምት 2

ብረት ከመቁረጤ በፊት ስንት ሴንቲ እንደሚያስፈልገኝ በእርግጠኝነት ማወቅ ፈለግኩ። የጊታሩን እግሮች ፈትቼ ሁለቱን ጫፎቹን በሁለት ጠረጴዛዎች ላይ አጋደምኩት፣ መሃሉ ላይ እኔ ገባሁ። ጠረጴዛዎቹ አጠር ያሉ ናቸው፤ የጎደለውን በመጻሕፍት ሞላሁ። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል መጻሕፍቷን አበደረችኝ፣ አንድ መጽሐፍ ስትጨምር እኔ እቀመጣለሁ፣ እጫወታለሁ፣ ትለካለች።

ከጊታሩ በፊት ግን ወንበሩን ነው ያስተካከልኩት፤ ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ረጅም ሰው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ከለካ ከፍ ያለውን ጉልበቱን ብቻ ያያል፤ ጊታሩን ከሚገባው በላይ ይሰቅልና ትከሻው ይነሳል። ጭኔ ከወለሉ ጋር እኩል እስኪጋደም ድረስ ከወንበሩ ላይ መጻሕፍት ደረደርኩ። 53 ሴንቲ ላይ ቆመ።

ከዚያ ጊታሩ። 4 ሴንቲ ሲጨመርበት ሊቨሩ ለጥቂት ያልፈኛል፤ ግን ኤ ፔዳልን የምረግጥ ያህል ቁርጭምጭሚቴን ሳንቀሳቅስ ጉልበቴ ትንሽ ይነሳል፣ ያኔ ይነካዋል። 7 ሴንቲ ላይ እግሬ እንደልቡ ነው፣ ትከሻዬ ግን ወደ ጆሮዬ ወጣ። ትከሻ ሲነሳ እጅ ይከብዳል፣ እጅ ሲከብድ ብረቱ ክሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ትዝታ ላይ ረጅሙን ድምፅ ስይዝ ወዲያው ተሰማኝ። 5 ተኩል ላይ ክንዴ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ቀጥ ብሎ ተኛ። እህቴ ሳልነግራት «አሁን አልጎበጥክም» አለች።

5.5 ሴንቲ። የጊታሩ ሆድ 67፣ የሊቨሩ ጫፍ 64፣ ጉልበቴ 62።

ጥቅምት 5

ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነው፦ የጊታሩ እግር አናቱ ላይ ፊሌቶ አለው፣ እንደ ብሎን ከጊታሩ ማዕዘን ጋር ይጠመዘዛል። በሁለቱ መካከል የሚገባ 5.5 ሴንቲ ድፍን ብረት ይሠራልኝ፤ ላዩ እንደ ብሎን ወንድ፣ ታቹ እንደ ዳዶ ሴት። አራት ፍሬ።

ባለቤቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። እግሩን ተቀብለው የእጃቸውን ግራሶ በጨርቅ ጠርገው የፊሌቶ መለኪያቸውን ጥርስ በጥርስ አስጠጉበት። አንዱ አልገጠመም፣ ሌላውም። «የኔ ልጅ፣ ይሄ የሚሊ አይደለም፣ የኢንች ነው» አሉኝ። ዕቃው የአሜሪካ መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ ያንን አትልም! ቶርኖው ይቆርጠዋል፣ ጊሩን መቀየር ብቻ ነው።»

ይህን አስምሬበት ልለፍ። ከሱቅ የሚገዛ የሚሊ ብሎን ወደዚህ ማዕዘን ሁለት ዙር ያህል ይገባና ይይዛል። ጨክኖ የሚያጠብቀው ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የጊታሩ ማዕዘን አሉሚኒየም ስለሆነ ፊሌቶው ተላጦ ይወጣል። ያ ከተበላሸ ጊታሩ በአራት እግሩ መቆሙ ያበቃል።

ጋሼ ሌላም ነገር ነገሩኝ፣ እኔ በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። የላይኛውና የታችኛው ፊሌቶ መሃላቸው አንድ መስመር ላይ ካልሆነ እግሩ ተጣሞ ይቆማል፤ ስለዚህ ብረቱን አንዴ ካሰሩ በኋላ ሳይፈቱ ሁለቱንም ቢቆርጡት ይመርጣሉ። ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። እዚህ ጅማ ጊዜው የቡና ነው፤ ቀዩ ቡና መድረስ ጀምሯል፣ ከየወረዳው የቡና መፈልፈያ ማሽን ዘንግ ተሸክሞ የመጣ ሰው በራፉ ላይ ተሰልፏል። አሥር ቀን ጠብቅ አሉኝ። ይገባቸዋል። ጊታር መጠበቅ ይችላል፣ የተለቀመ ቀይ ቡና ግን አያድርም።

ጥቅምት 8

እስከዚያ ዘንጎቹን በራሴ ልጨርስ ብዬ ተቻኮልኩ።

ዘንጎቹ ወፍራም ሽቦ ይመስላሉ፣ 4.8 ሚሊ። አንዱን፣ የኤ ፔዳሉን፣ መሃሉ ላይ በሰጌቶ ቆርጬ 5.5 ሴንቲ ቁራጭ በመሃል አስገብቼ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። በያጁ «ቀጭን ነው፣ እሳት አይወድም» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ይሁን ያልኩት። ቤት ወስጄ በሞርሳ ይዤ በእጄ ሳብኩት። ብየዳው ጸና፤ ከብየዳው ጎን፣ እሳቱ ያጠቆረው ቦታ ላይ፣ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። የተበላሸውን ሁሉ ቆርጬ ስጥል ዘንጉ 2.5 ሴንቲ አጠረ።

ለአንድ ቀን የሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን ዘንግ ስፈልግ ዋልኩ። መርካቶ ሞልቷል፣ ጫፉ ላይ ፊሌቶ አለው፣ ግን 6 ሚሊ ስለሆነ ከጊታሩ ሥር ባለው ቀዳዳ አይገባም። ቀዳዳውን ማስፋት አልፈለግኩም። በጊታሩ ላይ ወደነበረበት ልመልሰው የማልችለውን ነገር አላደርግም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ጥቅምት 10

ተመልሼ ጋሼ ዘንድ። የተሰበረውን ዘንግ አገላብጠው አዩት፣ አልተቆጡኝም። መፍትሔው እንዲህ ሆነ፦ ዘንጎቹ መሃላቸው ላይ ይቆረጡና ሁለቱም ቁራጮች ባለ 5 ሚሊ ፊሌቶ ይወጣላቸዋል። ዘንጉ ትንሽ ስለሚቀጥን ጥርሱ ሙሉ ጥልቀት አይኖረውም፣ ግን ለመሳብ ይበቃል። በመሃል 8.5 ሴንቲ ርዝመት ያለው ማያያዣ ይገባል፤ ከየጫፉ 1.5 ሴንቲ ዘንግ ይውጣል፣ የሚጨምረው 5.5 ብቻ ነው። ያጠረው የኤ ዘንግ ማያያዣ 11 ሴንቲ ይሆናል። ከየጫፉ መቆለፊያ ዳዶ።

ከብየዳው የሚበልጠው በጥንካሬው ብቻ አይደለም። ርዝመቱን ማስተካከል ይቻላል። አንዱን ጫፍ ነቅዬ ዘንጉን በማያያዣው ውስጥ አንድ ዙር ሳዞረው 0.8 ሚሊ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ለካ ቀድሞም የሚያስፈልገኝ ይህ ነበር።

ጥቅምት 16

ዕቃው ደረሰ። አራቱም ቁራጮች እንደ ጠርሙስ አንገት ክብ፣ ጠርዛቸው በሞረድ የለሰለሰ፣ በካሊፐር ስለካቸው ልዩነታቸው ለዓይን የማይገባ። ጋሼ ማዕዘኖቹ እንዳይምታቱ ብለው ቁጥር መትተውባቸዋል፣ ከ1 እስከ 4።

ጠመዘዝኩ፣ ቆመ። ባሩን በፊት እግሮች መካከል ልያይዝ ስል አጠረ። 4 ሚሊ። መጀመሪያ የተሳሳተ እግር የተሳሳተ ቦታ የገባ መስሎኝ ነቅዬ መልሼ ገጠምኩ። ያው 4 ሚሊ። ወለሉ ላይ ተኝቼ ፊት ለፊት ስመለከተው ገባኝ፦ እግሮቹ ቀጥ ብለው አይወርዱም፣ ወደ ታች ሲሄዱ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ርዝመት ሲጨመርባቸው በባሩ ቁመት ላይ ያለው ስፋትም ይጨምራል። ከየጎኑ ባለ 2 ሚሊ ሮንዴላ አስገባሁ፤ ገጠመ። ጊታር ከፍ የሚያደርግ ሰው የፊት እግሮቹ የተከፈቱ መሆናቸውን አስቀድሞ ቢያይ ይህን ማታ ይድናል።

ጥቅምት 17

ዘንጎቹን ሰቀልኩ። ሦስቱም ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው፤ ያጋደለ ዘንግ ይፋተጋል፣ ፔዳሉም ሲመለስ ይዘገያል።

ኤ ፔዳልን ረገጥኩ፣ ትዝታዬን ልሰማ። ሲ ሻርፕ አልደረሰችም። ትንሽ ቀርታ ቆመች፣ እንደ ታመመ ሰው ድምፅ። የመጀመሪያ ሐሳቤ በጊታሩ ጫፍ ላይ ያለችውን የናይለን ዳዶ አዙሬ ማስተካከል ነበር፤ የፔዳሉን ድምፅ የምትወስነው እሷ ነች። ቁልፉን እጄ ላይ ይዤ ቆም አልኩ። ጊታሩን ከፍ ስናደርግ የነካነው ከሆዱ በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ከሆዱ እስከ ክሩ ያለው መሳቢያ ሁሉ እንደነበረ ነው። ትናንት ልክ የነበረ ቅኝት ዛሬ ሊበላሽ የሚችልበት መንገድ የለውም፣ ፔዳሉ መጨረሻው ላይ ካልደረሰ በቀር።

ጎንበስ ብዬ በእጄ ተጫንኩት። ፔዳሉ ሲሚንቶውን ነካ። ዘንጉ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ስለነበር ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ጊታሩ ውስጥ ያለው መቆሚያ ጋ ሳይደርስ ወለሉ አስቆመው። ዘንጉን በማያያዣው ውስጥ አራት ዙር አስገባሁት፣ 3.2 ሚሊ። ረገጥኩ። ሲ ሻርፕ፣ ልክ በቦታዋ። ያቺን የናይለን ዳዶ ነክቼ ቢሆን ኖሮ ደህናውን ቅኝት አበላሽቼ ስህተቱን እተወው ነበር።

ጥቅምት 20

ሦስት ቀን የፔዳሎቹን ከፍታ ሳስተካክል ቆየሁ። ይህ ለኔ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል ነው።

የኔ ጊታር የፔዳል አደራደር ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው፣ በተጫዋቹ ባዲ ኤመንስ ስም የሚጠራው። በሌላው ተጫዋች በጂሚ ዴይ ስም የሚጠራው አደራደር ተገላቢጦሹ ነው። ግራ እግር ኤንና ቢን አንድ ላይ ይረግጣል፤ አንዱን ብቻ ሲፈልጉ እግሩ አይነሳም፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ወደ ግራ ሲያዘነብል ቢ ይለቀቃል፣ ኤ ይቀራል። የሁለቱ ፔዳል ከፍታ እኩል ካልሆነ ይህ ማዘንበል ይሰናከላል።

ቁመት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ እግሩም ትልቅ ነው። የኔ ጫማ ቁጥር 46 ነው፤ ሰፊው ሶል ሲ ፔዳልን ሳልፈልግ ይነካል። ስለዚህ ሲን በአንድ ዙር ዝቅ አደረግኩት፣ ኤን ደግሞ ከቢ ጋር እኩል እንዲሆን በግማሽ ዙር ከፍ። ግማሽ ዙር 0.4 ሚሊ ነው። በዓይን አይታይም፣ በእግር ግን ይታወቃል። ጫማዬንም ቀየርኩ፤ ወፍራም ሶል ያለውን ትቼ ስስ ሶል ባለው መጫወት ጀመርኩ። ፔዳሉ የት ጋ መያዝ እንደሚጀምር ቆዳዬ ይነግረኛል።

ጥቅምት 24

ወንበር። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ዳር በርጩማ የሚጠርቡ አባት አሉ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ፣ ሦስት እግር ሲኖረው ነው የማውቀው። ሦስት እግር የትኛውም ወለል ላይ አይወላገድም፤ አራት እግር ያለው ጊታሬ ግን የቤታችን ሲሚንቶ ላይ ሁልጊዜ አንዱን እግር ካላስረዘምኩለት ይነቃነቃል። በርጩማ ግን ዝቅ ያለ ነው። 53 ሴንቲ አድርጉልኝ ስላቸው ቁመቴን ከእግር እስከ ራስ አዩና «እውነትህን ነው» አሉኝ።

ዋንዛ ነው፣ ቀይ ቡናማ፣ ገና የእንጨቱ ሽታ አለው። በባጃጅ ጭኜ ዝናብ ሳይመጣ ቤት አስገባሁት። ተቀምጬ ስለካ ግን 51 ሆነ። እሳቸው 53ን የለኩት ከጠርዙ ነው፣ መቀመጫው ደግሞ መሃሉ 2 ሴንቲ ያህል ጎድጎድ ያለ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከየት እስከ የት እንደሚለካ መናገር ነበረብኝ። እናቴ አሮጌ ጋቢ አጥፋ ከላይ አደረገችልኝ፣ 53 ሞላ። የፊተኛው ጠርዝ ጭኔን እንዳይቆርጠው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ያንን ጠርዝ መንካት ደስ ይላል፤ ጅማ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ እንጨት ላይ ሳይቀመጥ አያድግም።

ኅዳር 1

ሳምንት ሙሉ ተጫወትኩ። ሁለት ነገር ብቅ አለ።

አንደኛ፣ ጊታሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ይወዛወዛል። በጉልበቴ ወደ ጎን ስገፋ ቀድሞ ያልነበረ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይሰማኛል። ፈትቼ ሳይ አዲሶቹ ቁራጮች በንዝረቱ ትንሽ ላልተዋል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቴፍሎን ሁለት ዙር ጠምጥሜ መልሼ አጠበቅኩ። በርግጥ ይቀንሳል፣ ፈጽሞ አይጠፋም። በየሳምንቱ በእጅ ማጥበቅ አለብኝ፣ በቁልፍ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ሊቨር አሁን ከጉልበቴ 2 ሴንቲ ይርቃል። ነጻነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሲያስፈልገኝ ተረከዜን ብዙ ማንሳት አለብኝ፣ ስዘገይም ድምፁ ይዘገያል። የሊቨሩን ማስተካከያ ፈትቼ 1 ሴንቲ ዝቅ አደረግኩት። የጎን ሊቨሮቹን አልነካሁም፤ ድሮ ጭኔ መሃል ላይ ያርፉ የነበሩት አሁን በቀጥታ ጉልበቴ ጋ ደርሰዋል።

ኅዳር 7

እሑድ። ቡና። እናቴ በርጩማዋ ላይ፣ እኔ ከፍ ባለው ላይ። አምስተኛዋን ክር ቃኘሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሰዓት ያህል ተጫወትኩ፣ ተነስቼ መልሼ ለካሁ። ቢ። ንቅንቅ አላለችም። እናቴ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየችና «አሁን በመሃሉ ብርሃን ይታየኛል» አለች። ሦስተኛውን ሲኒ ስትቀዳ ትዝታ እንድጫወትላት ጠየቀችኝ፤ እስከዛሬ «ያንን ነገር ዝቅ አድርገው» ስትለኝ ነው የማውቃት።

ኅዳር 9

የቀረው ሳጥኑ ነው። አጎቴ ያመጣው የጊታሩ ሳጥን ውስጥ ለእግሮቹና ለዘንጎቹ የተቆረጠ ስፖንጅ አለ፣ አሁን ዘንጎቹ 5.5 ሴንቲ ስለረዘሙ አይገቡም። ስፖንጁን በምላጭ አስረዘምኩለት። አራቱን ቁራጮች እግሩ ላይ አልተዋቸውም፤ ፈትቼ ከነቁጥራቸው በጨርቅ ከረጢት አድርጌ በሳጥኑ ማዕዘን አስቀመጥኩ። ዘንጎቹን ግን ወደ ድሮ ርዝመታቸው መመለስ ለሚፈልግ ሰው ሦስት አጫጭር ማያያዣዎች ጋሼ በነጻ ሠርተውልኛል፤ እነሱም እዚያው ከረጢት ውስጥ ናቸው። የአጎቴ ልጅ ለገና ስትመጣ መሞከር ትፈልጋለች፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 ነው።